ለሚጡ ስንት ሲሲ ይበቃታል?

ሚጡ አርባ አንድ ዓመት ሞልቷታል። ይህን ቀድሞ መናገር ይሻላል፤ ስሟን ብቻ የሰማ ሰው ሁለት ጥርስ ያወጣች ሕፃን ልትመስለው ትችላለች። ሕፃን አይደለችም። ልብስ ሰፊ ናት፤ በተለይ የቁልፍ ቀዳዳ ላይ በአካባቢው የሚደርስባት የለም። ሌሎች ሰፊዎች እንኳ ሸሚዙን ሰፍተው ከጨረሱ በኋላ ቀዳዳውን እሷ ጋ ያመጡታል። «ሚጡ» ብላ የጠራቻት ታላቅ እህቷ ናት፤ ሚጡም ስሙን፣ እህቷ እንደሰጠቻት ልብስ ሁሉ፣ ዝም ብላ ለበሰችው።

ታላቅ እህቷን ሁሉም ሰው «እትዬ» ነው የሚላት፤ በዕድሜ የሚበልጧት ሽማግሌዎች ሳይቀሩ። የስፌት ቤቱ የእሷ ነው፣ ትልቁ መቀስ የእሷ ነው፣ የመጨረሻው ቃልም የእሷ ነው። ከከንፈሮቿ መሐል ሦስት አራት ስፒል አይጠፋም፤ እንዲያም ሆኖ ጥርት አድርጋ ታወራለች። ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ ማውጣት ከጀመረች ግን ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው፤ ያኔ ደንበኛም ቢሆን አቀማመጡን ያስተካክላል።

የሁለቱ እህቶች መተዳደሪያ የተማሪ ዩኒፎርም ነው። ተማሪ ደግሞ ያድጋል። ስለዚህ በዚያ ቤት «የማደጊያ» የሚባል ሕግ አለ፦ ወገብ ላይ ሁለት ጣት፣ እጅጌ ላይ ሦስት ጣት፣ ሱሪው እግር ላይ ደግሞ አንድ ስንዝር ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ልጁ ሲያድግ እጥፋቱ ይፈታል፤ እናትም እትዬን ትመርቃለች። እናታቸው ስትሞት ሚጡ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፣ እትዬ ሃያ ሁለት። ጨርቅ እንደ ልብ የሚገኝበት ጊዜ አልነበረምና እትዬ ለታናሿ ሁሉን ነገር በማደጊያ ሰፋችላት። ሚጡ ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ላይ ማደጓን አቆመች። እትዬ ግን ማደጊያውን አላቆመችም። ይኸው እስከ ዛሬ ድረስ ሚጡ እጅጌዋን ሁለት ጊዜ አጥፋ ነው ሥራ የምትጀምረው።

እንግዲህ ባለፈው ወር ነው ጉዱ የመጣው። የባለ አራት ጎማ ሞተር ነጂዎች ክበብ ጉልበቱና ክርኑ ላይ ስፖንጅ የገባበት ዐሥራ ሁለት የመንጃ ልብስ አዘዘ። ሚጡ የመጀመሪያውን ሰፍታ ሜዳው ድረስ ይዛ ሄደች፤ ሰው ተቀምጦ ጉልበቱን ሲያጥፍ ስፖንጁ ከቦታው ይሸሽ እንደሆነ ማየት ፈልጋ ነው። ከነጂዎቹ አንዷ፣ የጥርስ ሐኪም ናት፣ «ራስሽ ለብሰሽ ሞክሪው እንጂ» አለቻትና ከኋላዋ አስቀመጠቻት። ሜዳውን አንድ ጊዜ ብቻ ዞሩ፤ ያውም በአንደኛ ማርሽ፣ ቸኩሎ ከሚራመድ ሰው እምብዛም ሳይፈጥኑ።

የመጀመሪያዋ ጉብታ ላይ ሚጡ ፍርስ ብላ ሳቀች። ሁለተኛዋ ላይ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሦስተኛዋ ጉብታ ላይ የሚያዝ ሆድም አልቀረላትም። የጥርስ ሐኪሟ የሚያለቅስ እንጂ የሚስቅ ሰው መንጋጋ አይታ ስለማታውቅ ደንግጣ ሞተሩን አቆመች። ሚጡ ግን ስትወርድም ትስቃለች፣ ታክሲ ውስጥም ትስቃለች፣ ስፌት መኪናው ላይ ተቀምጣም ትስቃለች። በማግስቱ ለአንድ የሒሳብ መምህር ሸሚዝ ዐሥራ አንድ የቁልፍ ቀዳዳ ሠራችለት። ሸሚዙ የሚፈልገው ሰባት ነበር።

የራሷ ሞተር እንዲኖራት ፈለገች። ስፖርት የሚሉትን ዓይነት፣ ዝቅ ብሎ እግሩን ከፈት ያደረገውን። ከቁርጥራጭ ጨርቅ ትራስ እየሰፋች ለዓመታት ያጠራቀመችው አለ፤ አንድ ቀን ለምን እንደሚሆን ሳታውቅ ነበር ያስቀመጠችው፣ አሁን ዐወቀች። ያሳሰባት ሌላ ነበር። በሕይወቷ አንድም ነገር ራሷ መርጣ፣ በልኳ፣ «የእኔ ነው» ብላ ይዛ አታውቅም። ይህችን አንዲት ነገር ደግሞ ማንም እንዲያሰፋባት አትፈልግም፤ እትዬም ብትሆን። በተለይ እትዬ።

ለእህቷ የምትለውን ሁሉ አራት ቀን አጠናች። «አይሆንም» ብትላት የምትመልሰው አላት፤ «አብደሻል?» ብትላትም አላት። አምስተኛው ቀን ጠዋት ትንፋሿን ሰብስባ ነገረቻት። እትዬ ስፒሎቿን አንድ በአንድ ከአፏ አወጣች። አራት ነበሩ።

«ባለ አራት ጎማ?»

«አዎ።»

«የሚገለበጠው?»

«እንደ ነጂው ነው፣ እትዬ።»

እትዬ የተዘረጋውን ጨርቅ በመዳፏ ደጋግማ አሸችው። ያለ ምክንያት ጨርቅ አታሽም።

«እና መቼ ነው የምንሄደው?» አለች።

«የምንሄደው» የሚለውን ስትሰማ ሚጡ ክው አለች። ለ«አይሆንም» ተዘጋጅታለች፤ ለ«አብረን» ግን ምንም አላጠናችም። እትዬ ሜትሩን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ የልክ መመዝገቢያ ደብተሩን ብብቷ ሥር ሸጉጣ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ያለ እኔ ልክ ትመርጫለሽ እንዴ? ነይ እንጂ፣ ምን ትቆሚያለሽ!»

የሞተር መሸጫው ዙሪያውን መስታወት የሆነ ሰፊ አዳራሽ ነው፤ አዲስ ጎማና የወለል ሰም ይሸታል። ባለ አራት ጎማዎቹ በአንድ መስመር ቆመዋል፣ ከትንሽ ወደ ትልቅ፦ መጨረሻው ላይ ረጅም ዘንግና ቢጫ ባንዲራ የተተከለበት የልጆች ባለ ዘጠና ሲሲ፣ ቀጥሎ መቶ ሃያ አምስቱ፣ ቀጥሎ ሰማያዊው ሁለት መቶ ሃምሳ፣ ከሁሉም ፊት ደግሞ ቀዩ አራት መቶ ሃምሳ፣ ደረቱን ነፍቶ።

ሻጩ ጫማው ውስጥ ፊት የሚታይበት ሰው ነው። ሁለቱን እህቶች ገና በር ላይ ሲያይ ማን ማንን እንደሚያዝ ገባው፤ ይህን ለመረዳት ብዙ ብልኅነት አይጠይቅም። ሚጡን አልፎ እትዬን ጨበጠ።

«እንኳን ደህና መጡ እመቤቴ! ለማን ነው?»

«ለሚጡ።»

ሻጩ ልጅ ፍለጋ ወደ እትዬ ኋላ ተመለከተ። እዚያ ያለችው እጅጌዋን የጠቀለለች ትልቅ ሴት ናት።

«መጀመሪያ ይህ ሲሲ የሚሉት ነገር ምን እንደሆነ አስረዳኝ» አለች እትዬ።

ሻጩ «እሱማ እመቤቴ ዘመናዊ ቴክኖሎጂ…» ብሎ ሊንደረደር ሲል፣ ከአንድ ሞተር ሥር በጀርባው የተኛ ሰው መለሰ። «የሞተሩ የሆድ ስፋት ነው። ነዳጁ የሚቃጠልበት ክፍት ቦታ። ሆዱ በሰፋ ቁጥር ጉልበቱ ይበዛል።» ተንፏቆ ወጣ፤ ዘይት የጠጣ ቱታ የለበሰ አጭር ድፍን ሰውዬ። መካኒኩ ነው። ከቁመቱም ከውፍረቱም የተነሣ ሁሉም «ጋሽ ብሎን» ይለዋል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጀማሪዎችን የሚያስተምረውም እሱ ነው። «ነድተሽ ታውቂያለሽ?» አለ። የጠየቀው ሚጡን ነበር፤ ያን ቀን እሷን ያናገረ የመጀመሪያው ሰው።

«አንድ ዙር» አለች ሚጡ፣ ሳቋ አፏን አሸንፎ እየወጣ። «ከኋላ ተቀምጬ።»

«እንግዲያው ሁለት መቶ ሃምሳው ነው ላንቺ። መቶ ሃያ አምስቱ ዐቀበት ላይ ይደክምብሻል። አራት መቶ ሃምሳው ደግሞ ለውድድር የተሠራ ነው።»

ቀላል ነገር ነበር። እዚሁ ላይ ነገሩ አልቆ፣ ሰው ወደየቤቱ በሄደ ነበር። ሻጩ ግን ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጋሽ ብሎን ልክ ነው፣ ለዛሬ ልክ ነው» አለ። «ግን እመቤቴ፣ ጀማሪ ነገም ጀማሪ ነው? ትንሹን ወስደው በስድስት ወር ቢጠባቸውስ?»

ቢጠባቸውስ! ከዚህች ቃል በላይ እትዬን የሚነካት ምንም ነገር የለም። ዓይኗ በራ። ወዲያው ሜትሩን ከአንገቷ መዘዘችና ቀዩን ሞተር ትለካ ጀመር፤ መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ መቀመጫውን፣ ከመቀመጫው እስከ እግር መርገጫው ያለውን። ደብተሩ ላይም ትጽፋለች። ሻጩ ዐሥር ዓመት ሞተር ሸጧል፤ እንዲህ ያለ ገዢ ግን አይቶ አያውቅም።

«እመቤቴ፣ አሁን… ምኑን ነው የሚለኩት?»

«ትከሻውን።» ቀና ብላ አየችው። «ይኸኛው የማደጊያ አለው። እሱን ነው የምንወስደው።»

«ወዴት ነው የምታድገው?» አለ ጋሽ ብሎን።

«በችሎታ ነዋ!»

«ችሎታዋ ሲያድግ ያኔ በሚበልጠው ትቀይረዋለች።»

«በእኛ ቤት አይቀየርም። እጥፋቱ ነው የሚፈታው።»

«ሞተር እጥፋት የለውም እመቤቴ! ስሙኝ፤ የሰፋ ልብስ ቢበዛ ሰው ያስቅባታል። የሰፋ ሞተር ግን ራሱ ነው የሚስቅባት። ጀማሪ ሲደነግጥ አውራ ጣቱ ይጨብጣል። የነዳጅ መስጫዋ ያለችው ደግሞ አውራ ጣቱ ሥር ነው። ሁለት መቶ ሃምሳው ይህችን ስሕተት ይምራታል። ያ ቀዩ ምሕረት አያውቅም።»

በዚህ መሐል ሚጡ ማንም ሳያያት ሰማያዊው ላይ ወጥታ ነበር። ክርኖቿ ትንሽ ታጠፉ። እግሮቿ መርገጫው ላይ ሙሉ በሙሉ ዐረፉ። ስትቆም በመቀመጫውና በእሷ መካከል አንድ መዳፍ የሚያስገባ ክፍተት ቀረ። ኮት ትከሻ ላይ ሲቀመጥና ሲንጠለጠል ያለውን ልዩነት ሰፊ ሰው በጀርባው ሳይቀር ያውቀዋል፤ ሚጡም ዐወቀች። ደስታው ከእግሯ ተነሥቶ ጆሮዋ ድረስ ወጣ።

«እትዬ፣ እኔ ይኼኛው…»

«ቆይ ሚጡ፣ ሰው እያወራ ነው።»

ሚጡም ቆየች። አርባ አንድ ዓመት፣ ስንት ሺህ የቁልፍ ቀዳዳ፣ የራሷ ገንዘብ ቦርሳዋ ውስጥ፣ አሁንም «ቆይ» ስትባል ቆየች! እኔን ከጠየቃችሁኝ ያን ጊዜ መጮኽ ነበረባት። አልጮኸችም። ወርዳ እጅጌዋን አንድ ጊዜ ጨምራ አጠፈችው።

ከአዳራሹ ጀርባ አሸዋማ የመሞከሪያ ሜዳ አለ፤ ዙሪያውን አሮጌ ጎማ የተደረደረበት፣ መሐሉ ላይ አንዲት ጉብታ ያለችበት፣ ጥግ ላይ ደግሞ የባዶ ካርቶን ክምር ያለበት። እትዬ ከመደርደሪያ ላይ ትልቁን ሄልሜት አንሥታ፣ እንዳይወዛወዝ ውስጡን በሻርፕ ልትሞላው ስትል ጋሽ ብሎን ከእጇ ነጠቃት። «ሄልሜት የማደጊያ የለውም!» አለና ለሚጡ ልኳን አጠለቀላት። ከቀዩ ሞተር የተዘረጋውን ማጥፊያ ገመድም አንጓዋ ላይ አሰረ፤ ሰው ከወደቀ ገመዱ ይነቀላል፣ ገመዱ ከተነቀለ ሞተሩ ይጠፋል። በሁለት መቶ ሃምሳው ትጀምር ብሎ ለመጨረሻ ጊዜ ተለማመጠ። እትዬ «ትልቁን የቻለች ትንሹን መች ያቅታታል» ብላ ዘጋችው።

«አውራ ጣትሽን ዝንብ እንዳረፈችበት አድርጊው» አላት ጋሽ ብሎን ሚጡን። «ዝም ብለሽ ነካ። ነካ ብቻ።»

ሚጡ በሄልሜቱ ውስጥ ራሷን ነቀነቀች። አእምሮዋ ገብቶት ነበር። ሰውነቷ ግን ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ የተማረው ሌላ ነው። ስፌት ቤቱ ውስጥ ያለው አሮጌ የኤሌክትሪክ ስፌት መኪና ሰነፍ ነው፤ ፔዳሉን በቀስታ ከነካችሁት እያጉረመረመ ይተኛል። እሱን ማስነሣት የሚቻለው አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ረግጦ፣ ሲነቃ ቶሎ በመልቀቅ ነው። ሁለቱ እህቶች ስለዚህ ነገር ማሰብ ከተዉ ቆይተዋል፤ እግራቸው ራሱ ያውቀዋል። እንግዲህ ቀዩ ሞተር ከሥሯ ሲያጉረመርም፣ ሚጡ የሰነፉን ድምፅ የሰማች መሰላት። ታዲያ እንደ ልማዷ ልትቀሰቅሰው አውራ ጣቷን እስከ መጨረሻው ገፋችው።

ቀዩ ግን ከመጀመሪያውም አልተኛም ነበር።

የፊት ጎማዎቹ ተነሡ። ሚጡ ሰማይ አየች፣ ቀጥሎ የሻጩን ጫማ፣ ከዚያ ደግሞ ሰማይ። ጋሽ ብሎን «ልቀቂው!» ሲል፣ እትዬ «አትልቀቂው!» ስትል፣ ሻጩ ምንም ሳይል እግሬ አውጪኝ ሲል ተሰማት። ከዚያ ሚጡ አንድ ወገን፣ ሞተሩ አንድ ወገን ሄዱ። ገመዱ ተነቀለ፤ ሞተሩም ጎማዎቹን ገጭቶ ጸጥ አለ። ሚጡ ካርቶኖቹ ክምር ውስጥ እስከ ወገቧ ገብታ ተቀመጠች።

ሻጩ የጎማ ቁልል ላይ ወጥቶ ቆሟል፤ እንዴት እንደወጣ ራሱም አያውቅም። ከካርቶኑ ውስጥ ቀጭን ድምፅ ይሰማ ጀመር። እትዬ ልቅሶ መስሏት እየሮጠች ደረሰች።

«ሚጡዬ! ተሰበርሽ? ጣቶችሽን አንቀሳቅሺ! ይኼ ስንት ነው?»

«እ… ትዬ…» ሚጡ መናገር አልቻለችም። «ሰ… ሰነፉ… ሰነፉ መስሎኝ እኮ ነው!»

እትዬ ነገሩ ወዲያው ገባት። ልትቆጣ አፏን ከፈተች፣ አልሆነላትም፤ ካርቶኑ ላይ ዘጭ ብላ እሷም ሳቀች። ሁለቱ እንዲያ እየተንከተከቱ ሲቃ ሲይዛቸው ጋሽ ብሎን ሰነፉ ማን እንደሆነ ሻጩን ጠየቀው። ሻጩ እሱ የተሰደበ መስሎት ተቀይሞ ነበር።

እትዬ እንባዋን ጠርጋ ተነሣች። ድንጋጤው አሁን ነው የመጣባት። «በቃ!» አለች። «ትንሹን አምጡ። ያንን ባለ ባንዲራውን።»

«እመቤቴ፣ እሱ እኮ የልጆች ነው…»

«ሚጡም ትንሽ ናት!»

በአንዲት ደቂቃ ውስጥ ከአራት መቶ ሃምሳ ወደ ዘጠና! ሻጩ ገዢ እንዳያመልጠው ፈርቶ ባለ ባንዲራውን ገፋ አድርጎ አመጣ። እትዬ ታናሿን በብብቷ ይዛ አስቀመጠቻት። ጉልበቶቿ ጆሮዋ አጠገብ መጡ። ጋሽ ብሎን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፣ ትከሻው ግን ይርገፈገፋል። ሚጡ በአዳራሹ መስታወት ውስጥ ራሷን አየች፦ ሽበት ጣል ጣል ያደረገባት ሴትዮ ከጫማዋ እምብዛም ያልበለጠ ነገር ላይ ተኮፍሳ፣ ከራሷ በላይ ቢጫ ባንዲራ ሲውለበለብ። እንደገና ሳቀች። ሳቁ ግን በመሐል አለቀባት፤ ከሥሩ ንዴት ነበር። እትዬ ላይ አልተናደደችም። ሊሟገትላት አንድም ቀን ደፍሮ በማያውቀው የገዛ አንደበቷ ላይ ነበር የተናደደችው። ዛሬም ዝም ካለች ይህች ነገር ከእጇ እንደምትወጣ ገባት። ወይ በሰፊው ትፈራለች፣ ወይ በጠባቡ ታፍራለች፤ የራሷ የሚሆን ግን አይኖርም።

ወረደች። ሄልሜቱን አወለቀች።

«እትዬ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የለካሽኝ መቼ ነው?»

«ምን?»

«በሜትር። ልኬን የወሰድሽው መቼ ነው?»

እትዬ ለማስታወስ ሞከረች። ዐሥራ ሁለቱንም ነጂ ለክታለች፣ የሰፈሩን ተማሪ በሙሉ ለክታለች። «አንቺን?» አለች ግራ ገብቷት። «አንቺንማ በዓይኔ ነው የማውቅሽ።»

«እንግዲያው ለኪኝ። አሁን፣ እዚሁ። ያለ ማደጊያ።»

«እዚህ ሰው ፊት? ሚጡ፣ በሞቴ…»

«ለኪኝ አልኩሽ እትዬ።»

ድምፁ የሚጡ አይመስልም ነበር። እትዬ ሜትሩን ዘረጋች። ትከሻዋን ለካች፣ ክንዷን ለካች፣ ወገቧን፣ እግሯን። ቁጥሮቹን በየተራ ጻፈችና ደብተሩን ትንሽ አርቃ አየችው። እንደ ልማዷ ሁለት ጣት ለመጨመር እርሳሷ ተነሣ፤ አየር ላይ ቀረ።

«አላደግሽም እኮ» አለች ቀስ ብላ።

«ከዐሥራ ስድስት ዓመቴ ጀምሮ።»

«እኔ እንዳይጠብሽ ነበር የምፈራው። ሁልጊዜ እሱን ነበር የምፈራው።»

«ዐውቃለሁ እትዬ። አንድም ቀን አልጠበበኝም። ሰፋኝ እንጂ።»

እትዬ የእህቷን እጅጌ ያዘችና እጥፋቶቹን ቆጠረቻቸው፤ ሦስት ነበሩ። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ አልደበቀችውም። ሚጡም ልታባብላት እንዳትጀምር ራሷን ገታች። ካባበለቻት እንደገና ሚጢጢዋ ሚጡ ልትሆን ነው። ወደ ጋሽ ብሎን ዞረች።

«ሰማያዊውን ያውጡልኝ።»

ጋሽ ብሎን አስቀድሞ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ይዞ ነበር። ሻጩ ግን ለማረጋገጥ እንደ ልማዱ እትዬን ተመለከተ።

«እኔን ምን ታየኛለህ?» አለችው እትዬ አፍንጫዋን እየጠረገች። «የምትነዳው እሷ ናት።»

ሰማያዊው ሲነሣ ድምፁ ሌላ ነበር፤ አያስፈራራም፣ አያጉረመርምም። ሚጡ ዓይኗን ጨፍና ስለ ሰነፉ ማሰብ ተወች። በምትኩ የቁልፍ ቀዳዳ ስትሠራ የምታደርገውን አሰበች፤ እዚያ ላይ መርፌው በአንዲት ጊዜ ሦስት ጥልፍ ከሄደ ቀዳዳው ይበላሻል፣ አንዲት ጥልፍ ብቻ ነው የሚፈለገው፣ ነካ፣ ነካ። አውራ ጣቷን ነካ አደረገች። ሞተሩ እሺ አላት።

ሄደ! ሚጡ የያዘችው ሞተር፣ ሚጡ ወደፈለገችበት ሄደ። ጥጉ ላይ ስትደርስ ነዳጁን ቀነሰች፣ ታጠፈች፣ ጨመረች። አንድ ጊዜ ደንግጣ አውራ ጣቷ ጨበጠ፤ ሞተሩ ትንሽ ዘለል ብሎ፣ ጋሽ ብሎን እንዳለው፣ ማራት። ጉብታዋ ላይ ሆዷ ወደ ላይ ተነሥቶ ተመለሰና ሳቋ ሄልሜቱን ሞላው። ማንም ከፊቷ አልተቀመጠም። መሪውን የያዙት እጆች የእሷ ነበሩ። እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም፤ ለማወዳደርም አልሞከረችም።

በመጀመሪያው ዙር እትዬ ከጎማዎቹ ኋላ እየሮጠች «ቀስ! ቀስ በይ! ወደ ግራ!» ትላለች። ጋሽ ብሎን ወደ ግራ ምንም እንደሌለ አስረዳት። በሁለተኛው ዙር መሮጧን አቆመች፤ ትንፋሿ አጥሮ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ዝም ብላ አየች። እህቷ ስትታጠፍ የእሷም ትከሻ አብሮ ያዘነብላል። በሦስተኛው ዙር ፊቷ ሁሉ ጥርስ ሆነ።

«አያችኋት? አያችኋት አይደል? እኔ ነኝ ያሳደግኳት!» ለሻጩ ነገረችው፤ ሻጩ ሲሸሻት ለጎማዎቹ ነገረቻቸው።

አራተኛው ዙር ላይ ግን ልማድ አሸነፋትና ሁለት እጆቿን አፏ ዙሪያ አድርጋ በሙሉ ድምፅዋ ጮኸች።

«ጨምሪ እንጂ! ምን ትለግሚያለሽ! ሞተሩ እኮ ገና አለው!»

«ይተዉአት እመቤቴ» አለ ጋሽ ብሎን።

«ሚጡ! ሁለት ጣት ብቻ! ሁለት ጣት ጨምሪበት!»

ሚጡ ጥርት አድርጋ ሰማቻት። በሄልሜቱ ውስጥ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፣ ግራ እጇን ከመሪው አንሥታ አውለበለበችላት፣ አንዲት ጣት እንኳ ሳትጨምር በዚያው በራሷ ፍጥነት በእህቷ ፊት አለፈች።